በኪቦርድ እየተጫወቱ ሲዘፍኑ ሃርመኒውን ከቅኝት ጋር ማስማማት

ምሽት ዘጠኝ (አዲስ አበባ)

ለመድረኩ አባላት ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። እኔ ብቻዬን ኪቦርድ እየተጫወትኩ በሠርግና በምሽት ቤት የምዘፍን ሰው ነኝ። ባለፈው ክረምት፣ የሠርግ ሥራ በሚቀዘቅዝበት ጊዜ፣ ማይክራፎን በቀጥታ የሚሰካበትና የዘፋኙን ድምፅ ተቀብሎ ሁለትና ሦስት አጃቢ ድምፆችን፣ ማለትም ሃርመኒ፣ የሚፈጥር ያገለገለ ኪቦርድ ገዛሁ። ተቀባይ ዘፋኞችን ይዤ እንዳልዞር የሚከፈለኝ ገንዘብ ለእኔም በቅጡ አይበቃም፤ ስለዚህ አዝማቹ ላይ ስደርስ መሣሪያው ራሱ ይቀበልልኛል ብዬ ነበር።

ቤት ውስጥ በጆሮ ማዳመጫ ስለማመድ ውጤቱ አስደስቶኝ ነበር። በትዝታ ሜጀር የሚዜሙ ዘፈኖች ላይ አጃቢዎቹ ድምፆች አንድ ቤት ያደጉ ያህል ተስማምተው ይወጣሉ። በጥር ወር አንድ ሠርግ ላይ ግን ነገሩ ተገለበጠብኝ። በአምባሰል የሚዜም ዘፈን ጀምሬ ግራ እጄን ሲ ማይነር ኮርድ (አብረው የሚመቱ ሦስት ኖታዎች) ላይ ሳሳርፍ፣ ከእኔ በላይ የሚሰማው ድምፅ ጭራሽ ሌላ ዘፈን ይዞ ሄደ። ከፊት ጠረጴዛ የተቀመጡ አንድ አባት በእረፍት ሰዓት አስጠርተውኝ፣ «ልጄ፣ ያ ከመጋረጃው ጀርባ ያለው ልጅ ዜማውን አያውቀውም፤ ለምን አታሳርፈውም?» አሉኝ። ከመጋረጃው ጀርባ ማንም አልነበረም።

በዚያው ምሽት ሁለት ሌሎች ነገሮችም አስቸገሩኝ። ሙሽሮቹ ሲገቡ ሃርመኒውን ማጥፋት ረስቼ «ክቡራን እንግዶቻችን» ያልኩት በሦስት ሰው ድምፅ ወጣ፤ ሕፃናቱ እስከ ኬክ ቆረሳው ድረስ እየደገሙ ሳቁብኝ። ደግሞም አፌን ዘግቼ ሶሎ በምጫወትበት ጊዜ እንኳ ከከበሮው ጋር አብሮ የሚንጫጫ ቀጭን ድምፅ ከድምፅ ማጉያው ይወጣ ነበር። ጉድለቱ ከመሣሪያው ነው ወይስ ከእኔ አጠቃቀም? በአምባሰልና በአንቺ ሆዬ ሃርመኒ የሚጠቀም ሰው ካለ ልምዱን ቢያካፍለኝ ደስ ይለኛል።

የወሎ ጆሮ (ደሴ)

ወንድሜ፣ መልሱ አጭር ነው፤ ያጥፉት። የእኛ ዜማ አንድ መስመር ሆኖ የሚሄድ፣ ውበቱም በጉሮሮ ጌጥ ላይ ያረፈ ነው። አዝማሪው ማሲንቆውን የሚያስከትለው የራሱን ዜማ በጥላ እንዲከተለው እንጂ በላዩ ሌላ ዜማ እንዲጭንበት አይደለም። እኚያ አባት ትክክለኛ ጆሮ አላቸው።

መምህር ዘቅኝት (አዲስ አበባ)

የወሎ ጆሮን ስሜት እጋራለሁ፤ ሆኖም ጠያቂው የገጠማቸው ነገር ምክንያቱ የሚታወቅ፣ በከፊልም የሚታረም ስለሆነ ትንሽ ዘርዘር አድርጌ ልመልስ።

ኤቨንታይድ የተባለው ኩባንያ ኤች910 የተሰኘውን ሃርመናይዘር እ.ኤ.አ. በ1975 ለገበያ ሲያቀርብ፣ መሣሪያው የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የገባውን ድምፅ በተወሰነ ርቀት ከፍ ወይም ዝቅ ማድረግ። አራት ሴሚቶን (ሴሚቶን በኪቦርድ ላይ ከአንድ ቁልፍ ወደ ቀጣዩ ያለው ርቀት ነው) ከፍ እንዲል ከታዘዘ፣ ሲ ሲዘፈንለት ኢ ይጨምራል፣ ኢ ሲዘፈንለት ግን ጂ ሻርፕን አምጥቶ ከዘፈኑ ያስወጣናል። በኋላ የመጡት መሣሪያዎች፣ በኪቦርዶቻችን ውስጥ ያሉትም ጭምር፣ ይህን ችግር የፈቱት የግራ እጃችንን ኮርድ እንዲያዩ በመደረጋቸው ነው። ኮርዳል በሚባለው አሠራር መሣሪያው የያዝነውን ኮርድ ያነባል፣ የምንዘፍነውን ኖታ ያውቃል፣ ከዚያም ለአጃቢው ድምፅ ከኮርዱ ኖታዎች መካከል ቅርብ የሆነውን ይመርጣል። እንግዲህ መሣሪያው ኮርድ እንጂ ቅኝት አያውቅም። ሲ ማይነር ከያዙለት ኢ ፍላትን ከመዝፈን ወደኋላ አይልም፤ ኢ ፍላት በአምባሰል ውስጥ ይኑር አይኑር የሚጠይቅበት መንገድ የለውም።

አሁን ቅኝቶቹን ከሲ እየጀመርን እንያቸው። ትዝታ ሜጀር ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ ነው። ከእነዚህ አምስት ኖታዎች ብቻ የሚገነቡት ሙሉ ባለሦስት ኖታ ኮርዶች ሁለት ናቸው፤ ሲ ሜጀርና ኤ ማይነር። ብዙዎቻችን ትዝታን ስንጫወት ግራ እጃችን በእነዚህ ሁለቱ ላይ ስለሚመላለስ ሃርመኒው ሳናስብበት ይሰምራል፤ ቤት ውስጥ ያስደሰተዎት ይኸው ነው። ኤፍ ሜጀር ወይም ጂ ሜጀር ጣል ሲያደርጉ ግን የኤፍና የቢ ኖታዎች ይገባሉ። ከበስተጀርባ በፒያኖ ድምፅ ሲያልፉ ጆሮ ይታገሣቸዋል፤ በሰው ድምፅ ተዘፍነው ሲመጡ ግን አይታገሣቸውም።

ትዝታ ማይነር ሲ፣ ዲ፣ ኢ ፍላት፣ ጂ፣ ኤ ፍላት ሲሆን፣ ከውስጡ የሚወጡት ሲ ማይነርና ኤ ፍላት ሜጀር ናቸው። ባቲ ማይነር ሲ፣ ኢ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ቢ ፍላት ነው፤ ኖታዎቹ ከኢ ፍላት ከሚጀምረው ትዝታ ሜጀር ጋር አንድ ናቸውና ሲ ማይነርና ኢ ፍላት ሜጀር ያገለግሉታል። ባቲ ሜጀርን ሲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ቢ ብለን ከያዝነው ሲ ሜጀርና ኢ ማይነር ይገኛሉ። እስከዚህ ድረስ ያሉት ሁሉ አንድ መልካም ባሕርይ አላቸው፤ ቅኝቱ በሚያርፍበት ኖታ ላይ የተመሠረተ ሙሉ ኮርድ ከቅኝቱ ውስጥ ይገኛል።

አምባሰል የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ኖታዎቹ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ ፍላት ናቸው፤ ኢም ኢ ፍላትም የሉም። ስለዚህ በማረፊያው ኖታ ላይ ሜጀርም ሆነ ማይነር ኮርድ ቢያስቀምጡ ከቅኝቱ መውጣትዎ አይቀርም። ልብ ብለው ካዩት እነዚህ ኖታዎች ከኤፍ የሚጀምር ትዝታ ማይነር ናቸው፤ ስለዚህ ከቅኝቱ ውስጥ የሚወጡት ኤፍ ማይነርና ዲ ፍላት ሜጀር ናቸው። ዘፈኑ ግን የሚያርፈው ሲ ላይ ስለሆነ ባስ ጊታሩ ሲ ላይ መቆየት አለበት። ኪቦርድዎ የግራ እጅን ታችኛ ኖታ እንደ ባስ የሚወስድ የጣት አያያዝ ካለው (በያማሃ ፊንገርድ ኦን ባስ ይባላል)፣ ከታች ሲ፣ ከላዩ ኤፍና ኤ ፍላት አድርገው ኤፍ ማይነርን በሲ ባስ ይያዙ። ሌላው አማራጭ ሲ ሰስ ፎር ነው፤ ሲ፣ ኤፍና ጂ ሦስቱም አምባሰል ውስጥ አሉ።

አንቺ ሆዬን በተመለከተ፣ ባለሙያዎች ራሳቸው ኖታዎቹን በተለያየ መንገድ ስለሚያስቀምጡት ብዙ ተስፋ ልሰጥዎት አልችልም። በተለመደው አንዱ አቀማመጥ፣ ማለትም ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላት፣ ኤ በሚለው፣ ኤፍ ሜጀር ከውስጡ ይወጣል፤ ይሁን እንጂ ያንን ኮርድ የያዘ ግራ እጅ ዘፈኑን ወደ ሌላ ስሜት ይወስደዋል። እኔ በአንቺ ሆዬ ኮርዳል ሃርመኒ አልጠቀምም።

የወሎ ጆሮ (ደሴ)

መምህር፣ ስላብራሩት አመሰግናለሁ። ነገር ግን ኖታው ከቅኝቱ ውስጥ ስለሆነ ብቻ ሃርመኒው ይገባል ማለት ነው? ድምፄን ሳርገበግብ ያ አጃቢ ድምፅ ምን ይሆናል?

መምህር ዘቅኝት (አዲስ አበባ)

ጥያቄዎ የነገሩ ዋና ነው። ድምፅዎን ከጂ ወደ ኤ ፍላት ነካ አድርገው ሲመልሱ እርስዎ የተጓዙት አንድ ሴሚቶን ነው። አጃቢው ግን ከኮርዱ ኖታ ወደ ኮርዱ ኖታ ብቻ መዝለል የሚችል ስለሆነ፣ በዚያች ቅጽበት ሦስት ወይም አራት ሴሚቶን ዘሎ ይመለሳል። በአንድ ስንኝ ውስጥ ይህ አሥር ጊዜ ሲደጋገም የሚሰማው ስቅታ የያዘው ሰው ነው። ስለዚህ ጌጥ በሚበዛበት ስንኝ ላይ ኮርዳል ሃርመኒ መጠቀም አይገባም በሚለው ከእርስዎ ጋር ነኝ፤ አዝማቹ ላይ ግን ነገሩ ይለያል።

አልቶ (ሐዋሳ)

እኔ በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት የኳየር አገልግሎት ያደግሁ ዘማሪት ነኝ፤ ኪቦርድም እጫወታለሁ። ሶፕራኖ፣ አልቶ፣ ቴነርና ቤዝ ተከፋፍሎ መዘመር ለእኛ የዕለት ተዕለት ሥራ ስለሆነ፣ «የእኛ ዜማ አንድ መስመር ነው» የሚለው አነጋገር ትንሽ ቅር አሰኝቶኛል። እኛም የዚሁ አገር ሰዎች ነን። በኮርድ ላይ ተመሥርተው ለሚደረሱ መዝሙሮች ኮርዳል ሃርመኒ በጣም ያገለግላል፤ ኳየሩ ሳይመጣ በሚቀርበት የማለዳ ጸሎት ላይ ብዙ ጊዜ ታድጎኛል።

ከልምዴ የምጨምረው ሁለት ነገር አለኝ። የመጀመሪያው ስለ ግራ እጅ ነው። ኪቦርዱ ኮርድን ከሙሉው ገበታ እንዲያነብ ተደርጎ ከተስተካከለ፣ ቀኝ እጄ የምትጫወተው ዜማ ኮርዱን ይለውጥብኛል፤ ሃርመኒውም ተከትሎ ይዋልላል። ስለዚህ የግራና የቀኝ እጅ መከፋፈያውን ወስኜ፣ ኮርዱ ከግራ እጅ ብቻ እንዲነበብ አድርጌ፣ ሦስቱንም ኖታዎች በሙሉ እይዛለሁ። በአንድ ጣት ኮርድ መያዝ የለመደ ሰው ሃርመኒ ሲጀምር ይህን ልማድ ቢተው ይሻላል፤ እንደ ሰስ ፎር ያሉትን ኮርዶች በአንድ ጣት አያገኛቸውምና።

ሁለተኛው ስለ ድምፆቹ ብዛት ነው። ጀማሪ ሁሉ ሦስት ድምፅ ይከፍታል፤ እኔም ከፍቼ ነበር። ብቻውን በሚዘምር ሰው ላይ ሦስት ድምፅ ሲደረብ ሰው ሠራሽነቱ ይጋለጣል፤ አንድ ድምፅ ከላይ ወይም ከታች፣ ከመሪው ድምፅ በግልጽ ዝቅ ብሎ ሲገባ ግን አድማጩ መሣሪያ መሆኑን ሳያስብ ያልፈዋል። የራሴን ድምፅ ወደ ታች ስጨምር የወንድ ይመስላል ብዬ የጾታ ማስተካከያውን እስከ መጨረሻው ገፍቼው ነበር፤ የወጣው ድምፅ ጉንፋን የያዘው ሰው ስለነበረ ወደ መካከል መለስኩት።

የማብሪያና ማጥፊያው ጉዳይ ደግሞ በእግር ነው የሚፈታው። አብዛኞቹ ትልልቅ ኪቦርዶች ለእግር መርገጫው ሥራ መመደብ ያስችላሉ፤ እኔ አንዱን ለሃርመኒ ማብሪያና ማጥፊያ መድቤዋለሁ። አዝማቹ ሊገባ አንድ ምት ሲቀረው እረግጣለሁ፣ ሲያልቅ እረግጣለሁ። መጀመሪያ ላይ የግራ እጅን፣ የቀኝ እጅን፣ የእግርንና የጉሮሮን ሥራ ማስታረቅ ከባድ ነበር፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ግን ለመድኩት።

ሽቦና ሶኬት (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ በዋሽንግተን ዙሪያ ባሉ የሐበሻ ምግብ ቤቶችና አዳራሾች የድምፅ ሥራ እሠራለሁ፤ ብቻውን ኪቦርድ የሚጫወት ዘፋኝም በየሳምንቱ ይገጥመኛል። ጠያቂው «ዝም ባልኩበት ይንጫጫል» ያሉት ነገር የሙዚቃ ሳይሆን የማይክ ጉዳይ ነው።

ሃርመናይዘር ማይኩ የሰማውን ሁሉ ዘፋኝ ነው ብሎ ያምናል። ከፊትዎ የተቀመጠው ሞኒተር (ለዘፋኙ የሚያሰማው ድምፅ ማጉያ) ከበሮውንና ባሱን መልሶ ወደ ማይኩ ሲረጭ፣ መሣሪያው ከዚያ ውስጥ ኖታ ሊያወጣ ይፍጨረጨራል፤ የሚንጫጫው ያ ነው። መፍትሔው ከማይኩ ይጀምራል። በአንድ አቅጣጫ የሚሰማ ዳይናሚክ ማይክ፣ ለምሳሌ ሹር ኤስኤም58ን የመሰለ፣ ድምፅን በጣም የማይሰማው ከጀርባው በኩል ስለሆነ ሞኒተሩ በቀጥታ ከማይኩ ጀርባ፣ ፊቱን ወደ ዘፋኙ አዙሮ መቀመጥ አለበት። ቤታ 58ኤን የመሰሉት ግን በጣም የማይሰሙት በጀርባ በኩል ግራና ቀኝ ወደ ጎን ፈንጠር ባለው ማዕዘን ነው፤ ለእነርሱ ሞኒተሩን ከመካከል ወደ ጎን ማስጠጋት ያስፈልጋል። ከዚያ ማይኩን ሁለት ሦስት ጣት ያህል ወደ አፍ አስጠግቶ የማይክ መግቢያውን ቁልፍ ቀይ መብራት እስከማይበራ ድረስ ከፍ ማድረግ ነው። ከሩቅ የሚዘፍን ሰው ቁልፉን እስከ ጥግ ስለሚከፍት ከድምፁ ጋር አዳራሹን ሁሉ ያስገባል።

ቀጥሎ በኪቦርዱ የማይክ ማስተካከያ ውስጥ ኖይዝ ጌት የሚባለውን ይክፈቱ። ጌት ማለት ከተወሰነ መጠን በታች ያለውን ድምፅ የሚዘጋ በር ነው። ስታይሉን (ኪቦርዱ በራሱ የሚጫወተውን አጃቢ ምት) አስነሥተው፣ ሞኒተሩን በሥራ ቀን በሚያሰሙት መጠን ከፍተው፣ አፍዎን ዘግተው ቆመው መንጫጫቱ እስኪጠፋ ድረስ ቀስ በቀስ ከፍ ያድርጉት፤ ከዚያ በዝቅተኛ ድምፅ ዘፍነው የቃላት መጨረሻ አለመቆረጡን ያረጋግጡ። ይህን ባዶ አዳራሽ ውስጥ አድርገውት እንግዳ ሲገባ እንደገና ካላዩት ዋጋ የለውም። የእንግዳ ማስተዋወቁን ነገር በተመለከተ፣ አንዳንድ ኪቦርዶች ቶክ የሚባል ቁልፍ አላቸው፤ ሲጫኑት ሃርመኒውና ኢኮው ጠፍተው የንግግር ድምፅ ብቻ ይቀራል። የእርስዎ ላይ ከሌለ የእህታችን የእግር መርገጫ ይበቃል።

ሌላው መዘግየት ነው። መሣሪያው ኖታውን ለማወቅ ቢያንስ አንድ ሙሉ የድምፅ ዑደት መስማት አለበት። ወፍራም የወንድ ድምፅ 110 ሄርዝ ላይ ሲዘፍን አንዱ ዑደት ብቻ 9 ሚሊሰከንድ ያህል ይወስዳል፤ በ440 ሄርዝ ግን ከ2 ሚሊሰከንድ ብዙም አይበልጥም። ስለዚህ ወፍራም ድምፅ ያላቸው ሰዎች አጃቢው ወደኋላ የሚጎተት ቢመስላቸው በራሳቸው ላይ አይፍረዱ። ቃሉን በግልጽ መጀመርና ኖታውን ከታች ሳይጎትቱ በቀጥታ መያዝ ይረዳል። በችክችካ ፈጣን ምት ላይ አጫጭር ቃላት ሲደራረቡ ሃርመኒው ባይበራ እመርጣለሁ።

አንድ የመጨረሻ ነገር። ኪቦርዱ አጃቢ ድምፆቹን ወደ ግራና ቀኝ በትኖ በጆሮ ማዳመጫ ሰፊ አድርጎ ያሰማዎታል። ሠርጉ ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ገመድ ብቻ ወደ ሚክሰሩ ይሄዳል፤ ያ ስፋት ይጠፋል፣ ድምፆቹም እርስ በርስ ይጠላለፋሉ። ቤት ስትለማመዱ በአንድ ገመድ፣ በአንድ ድምፅ ማጉያ ተለማመዱ።

ጀማሪው (ድሬዳዋ)

ታላላቆቼ፣ ንግግራችሁን ሳላቋርጥ አንድ ጥያቄ ልጠይቅ። ያገለገለ ኪቦርድ ልገዛ ገንዘብ እያጠራቀምኩ ነው። ሻጩ «ማይክ ካለው ሃርመኒም አለው፤ አዲስ የወጣው ሁልጊዜ ይበልጣል» ይለኛል። እውነት ነው?

ሽቦና ሶኬት (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ታናሼ፣ ሁለቱም እውነት አይደሉም። ያማሃ እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣው ፒኤስአር ኤስ970 ማይክ መግቢያም ቮካል ሃርመኒም አለው። እርሱን ተክቶ በ2019 የወጣው ፒኤስአር ኤስኤክስ900 በብዙ ነገር የተሻለ ቢሆንም ማይክ መግቢያና የማይክ ኤፌክት እንጂ ቮካል ሃርመኒ የለውም። ከያማሃ በሃርመኒ የሚታወቀው በ2017 የወጣው ጄኖስ ነው፤ ዋጋው ግን ሌላ ዓለም ነው። በኮርግ በኩል ፒኤ700 የማይክ መግቢያ የለውም፤ ፒኤ1000 ግን ከቲሲ ሄሊኮን ኩባንያ የተወሰደ የድምፅ ማቀነባበሪያ በውስጡ አለው። ስለዚህ የሞዴሉን ስም ይዘህ መመሪያውን አንብብ፤ ከሁሉም በላይ ማይክ ይዘህ ሄደህ ሻጩ ፊት ዘፍነህ ግዛ። ማይክ መግቢያው ብዙ ጊዜ የተሰካበትና የተነቀለበት ስለሆነ ሲነካኩት የሚንኮሻኮሽም አይጠፋም።

ሃርመኒ የሌለው ኪቦርድ ላላቸው ደግሞ በሚዲ ገመድ (የተጫኑትን ኖታዎች ወደ ሌላ መሣሪያ በሚያስተላልፈው) ኮርድ የሚቀበል ውጫዊ ሃርመናይዘር አለ። እዚህ ላይ ሰው የሚሳሳተው ኪቦርዱ በሁሉም ቻናሎች የሚልከውን ወደ ሃርመናይዘሩ ሲለቅ ነው፤ ከበሮው፣ ባሱና ሶሎው ሁሉ እንደ ኮርድ ይቆጠርበታል። የግራ እጅ ብቻ በአንድ ቻናል እንዲሄድ፣ ሃርመናይዘሩም ያንን ቻናል ብቻ እንዲሰማ አድርጉ። ትራንስፖዝ (ሁሉንም ኖታ እኩል ከፍ ወይም ዝቅ የሚያደርገውን) የምትጠቀሙ ከሆነም የምትሰሙት ኖታና በገመዱ የሚሄደው ኖታ አንድ መሆኑን ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ኮርድ ይዛችሁ ሞክሩት።

ምሽት ዘጠኝ (አዲስ አበባ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። መምህር እንዳሉት ኤፍ ማይነርን በሲ ባስ ሞከርኩት፤ በእርግጥ ያ ከቅኝት የሚያስወጣው ድምፅ ጠፋ። ሲ ሰስ ፎርም ይሠራል፤ ነገር ግን ኤፍ ስዘፍን አጃቢው ጂን የሚመርጥበት ቦታ አለ፣ ሁለቱ ጎረቤት ኖታዎች ሲጋጩ ደግሞ ይቆረቁራል። ለረጅም ማረፊያ ኤፍ ማይነሩን እመርጣለሁ።

አሁንም ግን የወሎ ጆሮ ያነሡት ነገር አልለቀቀኝም። ትክክል ነው፣ ከቅኝቱ አልወጣም፤ ሆኖም አዝማቹ ሲዘፈን ሠርግ ቤት የሚሰማውን ያን የሰው ጋጋታ አይመስልም። ንጹሕ ነው፣ ግን ቤተኛ አይደለም።

የወሎ ጆሮ (ደሴ)

ቤተኛ ያልሆነበትን ልንገርዎት። እህታችን ከሐዋሳ ቅር ስላሰኘኋቸው ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ስለ ዘፈን ብቻ ልናገር። አውጪው ሲያወጣ ተቀባዮቹ የሚመልሱት በሦስተኛ ወይም በአምስተኛ ኖታ አይደለም፤ ያንኑ ዜማ ነው የሚመልሱት። ሴቶቹ ከላይ፣ ወንዶቹ ከታች በኦክታቭ (ያንኑ ኖታ ከፍ ወይም ዝቅ ባለ እርከን) ይይዙታል። ብዛታቸው የሚሰማው ኖታ ስለለያዩ ሳይሆን አንዱ ትንሽ ስለቀደመ፣ ሌላው ትንሽ ስለዘገየ፣ አንዷ ድምፅዋ ቀጠን፣ የሌላዋ ሻከር ስላለ ነው። ደግሞ ተቀባይ ጌጥ አያበዛም፤ ዜማውን ሜዳ ላይ አስቀምጦ ለአውጪው ይተውለታል። መሣሪያዎ ይህን የሚያደርግ ከሆነ እኔም ተቃውሞዬን አነሣለሁ።

መምህር ዘቅኝት (አዲስ አበባ)

ያደርጋል! ይህን መጀመሪያ መናገር ሲገባኝ በኮርድ ሒሳብ ተወሰድኩ። ቮኮደር የሚባለው ሁለተኛው አሠራር ለዚሁ የተሠራ ይመስላል። በቮኮደር የአጃቢውን ኖታ የሚወስኑት የሚጫኗቸው ቁልፎች ናቸው፤ ቃሉና የድምፁ መልክ ከአፍዎ ይመጣል፣ ኖታው ከጣትዎ። ስለዚህ አዝማቹን በቀኝ እጅ በኦክታቭ ቢጫወቱት አጃቢዎቹ ሜዳ የሆነውን ዜማ በኦክታቭ ይዘፍናሉ፤ እርስዎ ከላይ ያሻዎትን ያህል ቢያርገበግቡ ጌጡ ወደ እነርሱ አይጋባም። ኮርድ ስለማይመለከት ለአምባሰልም ለአንቺ ሆዬም እኩል ነው። የቀኝ እጁን መሣሪያ ድምፅ ግን ዝቅ ማድረግ ወይም ማጥፋት እንዳይረሱ፤ አለበለዚያ ማሲንቆው ወይም ሳክስፎኑ አብሮ ይወጣል።

ዋጋው ቀኝ እጅን ማሰሩ ነው። በያማሃዎቹ ላይ ግን ሃርመኒው ከተቀዳ የሶንግ ቻናል ኖታ እንዲወስድ ማድረግ ይቻላል፤ የአዝማቹን ዜማ ቀድመው ቀድተው ካስቀመጡት ቀኝ እጅዎ ነጻ ይሆናል። ያኔ ግን የዘፈኑ ቅደም ተከተል አስቀድሞ የታሰረ ነው፤ ሙሽራው ትከሻውን ይዞ ሲገባ አዝማቹን አራት ጊዜ መደጋገም አይችሉም።

አልቶ (ሐዋሳ)

ይቅርታው ተቀባይነት አግኝቷል። ኦክታቩ ላይ ትንሽ ዲቱን (የኖታ ጥቂት መዛነፍ) እና በጣም አጭር ዲሌይ (መዘግየት) ቢጨምሩበት ያ «አንዱ የቀደመ፣ ሌላው የዘገየ» የሚሉት ነገር ይመጣል። ሪቨርቡን (የአዳራሽ ማስተጋባቱን) ግን ከመሪው ድምፅ ይልቅ ለአጃቢዎቹ ያብዙት፤ ከኋላ የቆሙ ሰዎች ይመስላሉ።

ምሽት ዘጠኝ (አዲስ አበባ)

ከዳግም ትንሣኤ በኋላ በነበረ ሠርግ ላይ ስለሞከርኩት ላሳውቃችሁ ተመልሻለሁ።

ለእያንዳንዱ ዘፈን አንድ ሬጂስትሬሽን (በአንድ ቁልፍ የሚጠራ የኪቦርዱ ማስተካከያ ሁሉ) አዘጋጀሁ። የትዝታ ሜጀርና የባቲ ዘፈኖች ላይ አንድ ድምፅ ብቻ በኮርዳል፣ አዝማቹ ላይ ብቻ፣ በእግር መርገጫ። አምባሰሉን በቮኮደር፣ ቀኝ እጄን በኦክታቭ አድርጌ። ሶሎውን ከአዝማቹ አርቄ መግቢያው ላይ አመጣሁት፤ ይህን ለማስተካከል አንድ ሳምንት ሙሉ ፈጀብኝ። ሞኒተሩ ከማይኩ ጀርባ ከሆነ በኋላ መንጫጫቱ በአብዛኛው ጠፍቷል። ጄኔሬተር ሲነሣ ግን የሚያጉረመርመው ድምፅ ጌቱን እየከፈተ ትንሽ አስቸግሮኝ ነበር፤ ጌቱን ጥቂት ከፍ ሳደርገው ተወ።

አምባሰሉ አዝማች ላይ ሴቶቹ ተቀበሉኝ፤ እነርሱ ሲቀበሉ እኔ መርገጫውን ረግጬ አጠፋሁት። እንግዳው ራሱ ሲቀበል የመሣሪያው ድምፅ እንዲሰማ አልፈለግሁም፤ ጋጋታው ሲላላ መልሼ አበራዋለሁ። ስህተቴ አንድ ብቻ ነበር፤ ቀኝ እጄ አንድ ኖታ ስትስት ሦስቱም «ተቀባዮች» አብረው ሳቱ። በኮርዳል ጊዜ የሚሳሳተው መሣሪያው ነበር፣ አሁን የምሳሳተው እኔ ነኝ።

አንቺ ሆዬውን ገና አልደፈርኩትም። መምህር፣ ያንን ቅኝት በቮኮደር የምለማመድበት ቀለል ያለ አዝማች ቢጠቁሙኝ?

መምህር ዘቅኝት (አዲስ አበባ)

ከአዝማች አይጀምሩ። አምስቱን ኖታዎች ብቻ በዝግታ በቀኝ እጅዎ በኦክታቭ ወደ ላይና ወደ ታች ይሂዱባቸው፤ በ«ላ» እየዘፈኑ። አጃቢው ዲ ፍላት ላይና ጂ ፍላት ላይ ሲደርስ ድምፅዎ ከቁልፉ ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ ይላል፤ እዚያ ላይ የእርስዎ ጉሮሮና የኪቦርዱ ኖታ አይስማሙም። ኪቦርድዎ ስኬል ቱን (የእያንዳንዱን ኖታ ከፍታ ለየብቻ ማስተካከያ) ካለው እነዚያን ሁለት ኖታዎች ወደ ጉሮሮዎ ያስጠጓቸው፤ ሃርመኒው ማስተካከያውን ተከትሎ ይሄድ እንደሆነ በጆሮ ማዳመጫ አረጋግጠው ይጻፉልን።

የወሎ ጆሮ (ደሴ)

ደሴ ሠርግ ካለዎት አስቀድመው ያሳውቁኝ፤ ከመጋረጃው ጀርባ ቆሜ እቀበልልዎታለሁ።